ሲሚንቶ ሲበላ

እሷ፦ የግንበኞችን እጅ ልብ ብለህ አይተሃል? በጣቶቹ መሃል ደርቆ የተሰነጠቀውን?

እሱ፦ «ሲሚንቶ በላኝ» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። የእርጥብ ሲሚንቶ ፒኤች ከ12 በላይ ነው፤ የቆዳን ቅባት ጠርጎ ይወስዳል። ማንንም አይምርም።

እሷ፦ በረኪናም ያው ነው። አለርጂው ግን ሌላ ነው። መነሻው ሲሚንቶ ውስጥ ያለው ክሮሚየም ነው። ሰውየው ለዓመታት በሰላም ሲያቦካ ኖሮ አንድ ቀን ሰውነቱ እምቢ ይላል። ከዚያ በኋላ ትንሹም ይበቃዋል። ማሳከኩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው በማግስቱ ወይም ከዚያ ወዲያ ስለሆነ ጥፋቱ በበላው ምግብ ይላከካል።

እሱ፦ በርበሬዋ ምን አደረገች! ዴንማርክ እኮ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሲሚንቶ ላይ ፌረስ ሰልፌት አስጨምራ አለርጂውን ቀንሳለች። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2005 ጀምሮ ጎጂውን ክሮሚየም ከሚሊዮን 2 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል።

እሷ፦ ለሠራተኛው መከላከያው ታዲያ ጓንት ነዋ?

እሱ፦ ውስጡ ሲሚንቶ ከገባማ ይብሳል፤ ቆዳው ላይ አፍኖ ይይዘዋል።

እሷ፦ መታጠቢያውስ? አካፋና ባልዲ የታጠበበት በርሜል ውስጥ እኮ ነው እጃቸውን የሚነክሩት!

እሱ፦ ንጹሕ ውሃ ማቅረብ የአሠሪው ድርሻ ነው፤ ከአንድ ኩንታል ሲሚንቶ አይወደድም።