ልጃችን በሩጫ አንደኛ ወጣ፤ ሒሳቡስ ስንት የሂዳ ነው?

(የትምህርት ዓመቱ ከመከፈቱ በፊት በማትናስ በተደረገ የወላጆች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ስለ ትምህርቱ፣ ከክፍል ውጭ ስለሚደረገው እንቅስቃሴና ልጆቻችን በስፖርት ስለሚያገኙት ውጤት። አዘጋጆቹ በዚሁ ቅደም ተከተል እንዳስረዳ ነበር የፈለጉት። እኔ ግን ከመጨረሻው ልጀምር፤ ምክንያቱም ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲጠራ በመጀመሪያ የሚነገረው የስፖርቱ ወሬ ነውና።

በስፖርት የምንኮራበት ነገር አለን። በ2022 በሙኒክ በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና ማሩ ተፈሪ በማራቶን ሁለተኛ፣ ጋሻው አየለ ሦስተኛ ሆነው ሲገቡ፣ በቡድን ደግሞ እስራኤል ወርቁን ስትወስድ፣ በየቤታችን እልል ያላለ ማን አለ? ማሩ በዓመቱ በ2023 በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና የብር ሜዳሊያ ጨመረበት። ከእነሱ በፊት፣ እዚህ አገር ኃይሌ ሳታይን ተብሎ የሚታወቀው አየለ ሰጠኝ፣ በ2004 በአቴንስ ኦሎምፒክ በማራቶን 20ኛ ሆኖ ሲገባ ብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች በዕድሜ ልጆቹ ይሆኑ ነበር። በእግር ኳስም ኤሊ ዳሳ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል እስከ መሆን ደርሷል። ይህ ሁሉ በላብ የተገኘ ነው፤ ማንም አልሰጠንም።

ነገር ግን ማሩ ተፈሪ አንድ ነው። ለየትምህርት ቤቱ ዋንጫ የሚያመጡት ልጆቻችን ብዙ ናቸው። የእነዚህ የብዙዎቹ ነገር ነው እኔን የሚያሳስበኝ፤ ለምን እንደሆነ አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። በትምህርት ቤትና በወላጆች መካከል የሚያገናኘውን፣ በዕብራይስጥ መገሼር የሚባለውን ሥራ ገና መጀመሬ ነበር። በአንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ የዮም ሆሪም ቀን ነው። ከመግቢያው አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ የአንድ የ9ኛ ክፍል ልጃችን ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ በ3,000 ሜትር አንደኛ ወጥቶ፣ ዋንጫውን ከፍ አድርጎ ይዞ። እናቱ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። ፎቶግራፉን በእጇ ዳሰሰችና ከልጇ ጋር ከክፍል ኃላፊዋ መምህርት ፊት ተቀመጡ። እኔ በሚቀጥለው ጠረጴዛ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ነበርሁ፤ የሚባለው ሁሉ ይሰማኛል።

መምህሯ ረጅም ንግግር ተናገረች። ልጁ ጨዋ ነው አለች፤ በሩጫው ትምህርት ቤቱ ኮርቶበታል አለች፤ ነገር ግን ልምምዱ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ ጋር ስለሚጋጭ ብዙ ጊዜ ይቀራል፣ ስለዚህ ወደ ሐቅባጻ ጊሜል ወርዷል፣ በዚህ ከቀጠለ በባግሩት ሒሳብን በ3 የሂዳ ብቻ ይፈተናል፣ ትስማሚያለሽ ወይ? ብላ ጠየቀች።

እናቲቱ ወደ ልጇ ዞረች። «ምን አለች?»

«ጎበዝ ነው አለች። በሩጫው ኮርተንበታል አለች።»

«ሌላስ? ብዙ ተናገረች እኮ።»

«በቃ ይኸው ነው እማዬ። ትስማሚያለሽ ወይ ነው የምትለው።»

እናቲቱ ብድግ ብላ መምህሯን ጉንጯን ሳመቻት፣ መረቀቻት፤ ከዚያም የምታውቀውን ዕብራይስጥ አውጥታ «ኬን፣ ኬን» አለች።

ልጁ ዋሸ ልል አልችልም። የተባለውን ነው የነገራት፤ ግማሹን ነው እንጂ። የ14 ዓመት ልጅ በገዛ ራሱ ላይ የቀረበውን ክስ ለእናቱ እንዲተረጉም ያስቀመጥነው እኛ ነን። እኔም ሰምቼ ዝም አልሁ። ልጁን በእናቱ ፊት ማሳፈር ከበደኝ፤ በሌላ ቀን ለብቻዋ እነግራታለሁ ብዬ ቀጠርሁት፣ ያ ሌላ ቀንም ሳይመጣ ቀረ።

ልጁ በ18 ዓመቱ ጉልበቱን ተጎዳና ሩጫው ቆመ። ከሠራዊት ሲወጣ ፊዚዮቴራፒ ልማር አለ፤ በደረሰበት ጉዳት ነገሩን አውቆት፣ ወድዶትም ነበር። ትዑዳውን ይዞ ሲሄድ ሒሳቡ 3 የሂዳ፣ ከዚያም ላይ ሁለት ያልተፈተናቸው ትምህርቶች ተገኙበት። መኺና ገባ፤ በ15 ዓመቱ ሊማረው የሚችለውን በ23 ዓመቱ፣ ሌሊት የጥበቃ ሥራ እየሠራ፣ ከሀ ጀመረ። አንድ ቀን በአውቶቡስ ጣቢያ አገኘኝና «ጋሼ፣ ያን ቀን አጠገባችን ነበሩ እኮ። ለእማዬ ለምን አልነገሯትም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬ እዚህ የቆምሁት ያን መልስ ዘግይቼም ቢሆን ለመስጠት ነው።

እንግዲህ የሂዳ ማለት ምን ማለት ነው? ከእኛ ውስጥ በኢትዮጵያ ማትሪክ የተፈተነ ሰው ባግሩትን ከማትሪክ ጋር ያመሳስለዋል። መመሳሰሉስ ይመሳሰላል፤ ሁለቱም በ12ኛ ክፍል መጨረሻ በሩን የሚከፍቱ ናቸው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ማትሪክ የተፈተነ ሰው «ሒሳብ ስንት አመጣህ?» ብሎ ይጠይቃል። በባግሩት ግን ከዚህ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ «በስንት የሂዳ?» የሚለው። የሂዳ ትምህርቱ የተሰጠበት መጠንና ጥልቀት መለኪያ ነው። ሒሳብና እንግሊዝኛ በ3፣ በ4 ወይም በ5 የሂዳ ይሰጣሉ። በ3 የሂዳ 95 ያመጣ ልጅ ቤት ገብቶ «95 አመጣሁ» ሲል ደስ ይለናል፤ የጎረቤት ልጅ በ5 የሂዳ 80 አምጥቶ ሲያዝን እናያለን። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ሒሳብን በ5 የሂዳ ለተፈተነና 60 ወይም ከዚያ በላይ ላመጣ 35 ነጥብ ይጨምሩለታል። ስለዚህ ያዘነው ልጅ 80 በእነሱ መዝገብ 115 ይሆናል፤ የእኛ 95 ግን 95 ሆኖ ይቀራል። በእንግሊዝኛም ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በአብዛኛው ቢያንስ 4 የሂዳ ይጠየቃል።

ይህ ደግሞ የሚወሰነው በ12ኛ ክፍል አይደለም። ሐቲባ በሚባለው ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ባለው ጊዜ ልጆች በሒሳብና በእንግሊዝኛ በሐቅባጻ፣ ማለት በችሎታ ቡድን፣ ይከፈላሉ፤ አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል እየተባለ። ከአሌፍ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ጊሜል መውረድ ቁልቁለት ነው፤ ማንም አይከለክልም። መውጣቱ ግን ዳገት ነው፤ ምክንያቱም የላይኛው ቡድን በየሳምንቱ አዲስ ነገር እየተማረ ይሄዳል፣ የታችኛው ያን አላየውም። በ10ኛ ክፍል የሂዳው ሲደለደል የሚታየው ይኸው ሐቅባጻ ነው።

ሌላም የምንሳሳትበት ወረቀት አለ። አንድ ልጅ 12ኛ ክፍልን ሲጨርስ «12 ዓመት ተምሯል» የሚል ማስረጃ ይሰጠዋል። ማኅተም አለው፣ ያምራል፣ በመስታወት ገብቶ በሳሎን ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ቤተሰቦች አውቃለሁ። ያ ግን የባግሩት ትዑዳ አይደለም። የባግሩት ትዑዳ ለማግኘት በግዴታ የሚወሰዱትን ትምህርቶች ማለፍና ቢያንስ 21 የሂዳ ማሟላት ያስፈልጋል፤ ከእነዚህም ውስጥ አንድ ትምህርት በ5 የሂዳ የተስፋፋ መሆን አለበት። ሁለቱን ወረቀቶች ለይታችሁ እወቁ።

ለዚህ ነገር እንግዶች አይደለንም። በ1955 ከመንደሮቻችን የተመረጡ የመጀመሪያዎቹ ወጣቶች እዚህ አገር ክፋር ባትያ ገብተው ሲማሩ፣ ሐሳቡ ተምረው ተመልሰው በመንደሩ ትምህርት ቤት እንዲያስተምሩ ነበር፤ ብዙዎቹም አደረጉት። በአምቦበርና በሌሎች መንደሮች የተማርን ሰዎች ከፍ ወዳለው ክፍል ለመድረስ ወደ ጎንደር ወርደን፣ ቤት ተከራይተን፣ ከቤት በተላከ ድርቆሽና ሽሮ የተማርንበትን ጊዜ አንረሳም። ያኔ አባቶቻችን ፊደል ባይቆጥሩም «ስንተኛ ወጣህ?» ብለው ይጠይቁን ነበር፤ አስተርጓሚም አላስፈለጋቸውም። በ1984 እና በ1991 ከመጣን በኋላ ግን ከወጣቶቻችን አብዛኞቹ ወደ ፕኒሚያ ተላኩ። ፕኒሚያው አበላቸው፣ አስተማራቸው፣ ለብዙዎችም ቤት ሆነላቸው፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ብዙዎችን ወደ ሙያ ክፍል መራቸው፤ ወላጅም በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ልጁን እያየ መጠየቁን ተወው። የመጠየቅ ልማዳችን የጠፋው በዚያን ጊዜ ይመስለኛል። ልጆቹ ዛሬ በየቤታቸው ሆነው ሲማሩም አልተመለሰም።

አሁን ይህን ንግግር ሰምታችሁ ነገ ጠዋት ልጃችሁን ከሩጫ እንዳታስወጡ። ይህንንም አይቻለሁና ነው። አንድ አባት ስለ የሂዳ ከእኔ ሰምቶ፣ የ10ኛ ክፍል ልጁን ከመረብ ኳስ ቡድን በአንድ ቀን አስወጣት። ልጅቱ በሒሳብ ከፍ አላለችም፤ እንዲያውም ዝቅ አለች። ጓደኞቿ እዚያ ነበሩ፣ ከሰው ጋር የምትስቀው እዚያ ነበር፣ በጊዜ እንድትተኛና ቀኗን እንድታዘጋጅ የሚያደርጋት ልምምዱ ነበር። አባቷ በሦስተኛው ወር መለሳት፤ ያዋጣው ከአሠልጣኙ ጋር ተነጋግሮ ልምምዱ ከሒሳብ ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ ማድረጉ ነበር። ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው። አሠልጣኙ «ያለ ሜዳው ሰዓት የለኝም» ቢላችሁ እንኳ፣ ለዋናው ዳይሬክተር አቅርቡት። በብዙ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የአካል ማሠልጠኛ ትምህርት ራሱ በ5 የሂዳ ለባግሩት ይሰጣል፤ ሜዳው ላይ ብቻ ሳይሆን ስለ ሰውነት አሠራር በመጽሐፍም የሚጠና ነው። ስፖርት የሚወድ ልጅ ላባችሁት ምን አገኘ ከሚባል፣ የተስፋፋ ትምህርቱን እዚያ ቢያደርገው ላቡ ይቆጠርለታል።

ስለ ሌላው እንቅስቃሴ በአጭሩ። ጾፊም፣ ብኔይ ዓቂባ፣ የተማሪዎች ምክር ቤት፣ የቲያትርና የሙዚቃ ሑግ፤ እነዚህን ጨዋታ ናቸው ብላችሁ አትለፏቸው። ልጆቻችን የዚህን አገር ሰው የሚያውቁትና የሚታወቁት እዚያ ነው። በማኅበረሰብ ውስጥ በበጎ ፈቃድ ማገልገል ደግሞ ዛሬ የባግሩት ትዑዳ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ ስለዚህ ልጁ «አዛውንቶችን ልረዳ እሄዳለሁ» ሲል ሰበብ ሊሆንም ይችላል፣ እውነት ሊሆንም ይችላል፤ ሰዓቱን የሚያስፈርምበትን ወረቀት እዩ። የዓመቱ ጉዞ ሲደርስ ሴት ልጅ ውጭ አታድርም ብለን የምናስቀር አለን። ስጋቱን አልንቀውም፤ እኔም ሴት ልጆች አሉኝ። ከመከልከላችሁ በፊት ግን ማን አብሮ እንደሚሄድ፣ የት እንደሚታደር መምህሯን ጠይቁ። ገንዘቡ ከሆነም ያስቸገራችሁ፣ ቅናሽ መጠየቅ ነውር አይደለም። ገንዘብ ያጣ ወላጅ «ሃይማኖታችን አይፈቅድም» ብሎ ሲያስቀር ሰምቻለሁ፤ ቄሶቻችን ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ እነሱ ይንገሯችሁ።

ወጣቶች፣ ለእናንተም አንድ ነገር አለኝ። ለእናታችሁ ስትተረጉሙ ሙሉውን ተርጉሙ። ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ካልቻላችሁ «እኔ አልተረጉምም፣ መገሼር ይጠራልን» በሉ፤ ይህን ማለት ያስከብራችኋል እንጂ አያሳፍራችሁም።

ወላጆች፣ ወደ ዮም ሆሪም ስትሄዱ አስተርጓሚ ከልጃችሁ ሌላ ሰው ይሁን። ቀኑ ከመድረሱ በፊት ለትምህርት ቤቱ አሳውቁ። ዕብራይስጥ ቢቸግራችሁም ይህችን ያዙ፤ «ካማ የሂዶት በማቴማቲካ?» ሌላ ምንም ባትናገሩ ይህችን ጠይቃችሁ ዝም በሉ። ባለፈው ዓመት አንዲት ከጎንደር ከመጣች ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት እናት ይህችን በእጇ መዳፍ ላይ በአማርኛ ፊደል ጽፋ ገባች። መምህሩ ስለ ልጇ እግር ኳስ ሲነግራት ሰማችው፣ ሰማችው፣ ከዚያ መዳፏን አየችና ጠየቀችው። ሰውየው ዝም አለ። ተነሣና መዝገቡን ሊያመጣ ሄደ።

ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ዘወትር ማክሰኞ ማታ እዚሁ ማትናስ እገኛለሁ። የልጆቻችሁን የመጨረሻ ትዑዳ ይዛችሁ ኑ፤ ሐቅባጻውንና የሂዳውን አብረን እናያለን። ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ያሉት ቢቀድሙ ይሻላል፣ ገና ጊዜ አላቸውና። ዋንጫና ሜዳሊያ ያለው ልጅም ይዞ ይምጣ፤ ማየት እፈልጋለሁ።