ወጣቶቻችን፣ ኢንተርኔትና የአገር ቤት ወንድም እኅቶቻቸው
(በማኅበራችን ዐሥረኛ ዓመት በዓል ላይ በወጣቶችና ትምህርት ክፍል የቀረበ ንግግር)

ክቡራን እንግዶቻችን፣ ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እንዲሁም ከኋላ ወንበር ላይ ሆናችሁ ስልካችሁን የምትነካኩ ልጆቻችን፤

የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ለክፍላችን የሰጠው ርእስ የታዳጊ አገሮች ወጣቶች ስለ ኢንተርኔትና ስለ መገናኛ ቴክኖሎጂ ያላቸውን ግንዛቤ የሚመለከት ነው። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ በየስብሰባችን የሚነሣውን አንድ ሐሳብ ይዘን እንቀርባለን፤ ይኸውም «አሮጌ ኮምፒዩተር ሰብስበን ለአገር ቤት ትምህርት ቤቶች በኮንቴይነር እንላክ» የሚለው ነው።

ሐሳቡ ከቅን ልቦና የመነጨ ነው። የማይቻልም አይደለም፤ በዚችው በሲያትል ኢንተርኮኔክሽን የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮችን እያደሰ ወደ ታዳጊ አገሮች ጭምር ልኳል። ጥያቄያችን ዕቃው ከደረሰ በኋላ ስላለው ነገር ነው።

አገራችን ኢንተርኔት ያገኘችው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ2004 ገደማ፣ መንግሥት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ጀመረ፤ ተማሪው «ፕላዝማ» ብሎ የሰየመው ማለት ነው። ከመካከላችን በፕላዝማ የተማሩ አሉ። ትምህርቱ የተቀረጸው በደቡብ አፍሪካ ሲሆን ቋንቋው እንግሊዝኛ ነበር። ለመምህሩ የሚተርፈው በመጀመሪያና በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ነው። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል። ከሁሉም በላይ ግን ተማሪው እጁን ቢያወጣ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው መምህርት አታየውም። ዕቃው ውድና ዘመናዊ ነበር፤ የጎደለው የሚጠየቅ ሰው ነው።

በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ሕፃናት ታብሌት ያለ መምህር ሰጣቸው። ከወራት በኋላ ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው እንደ ከፈቱ የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ተናግረዋል። ዓለም ተደነቀ። (ልጅ ማሽን እንደማይፈራ ለማወቅ ወንጪ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ ሬኒየር አቬኑ ላይ ካሉት ቤቶቻችን ወደ አንዱ ጎራ ማለት ይበቃል።)

እንግዲህ ወጣት ቁልፉን መንካት ብዙም አይቸግረውም። የሚቸግረው በዚያ መስታወት ውስጥ ከሚያየው የትኛውን ማመን እንዳለበት ማወቅ ነው። በየካቲት ወር 2025 እ.ኤ.አ. ከምያንማር የማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ያህል ሰዎች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በእንዲህ ያሉ ካምፖች ውስጥ የሚገኙት ብዙዎቹ ወጣቶች «ታይላንድ ውስጥ ጥሩ ደመወዝ ያለው የኮምፒዩተር ሥራ አለ» ተብለው የሄዱ ናቸው። ከደረሱ በኋላ ፓስፖርታቸውን ተነጥቀው፣ እየተደበደቡ፣ በኢንተርኔት ሰው እንዲያታልሉ ይገደዳሉ። እነዚህ ልጆች ስልክ የማያውቁ አልነበሩም። እንግሊዝኛ የሚችሉ፣ ኮምፒዩተር የሚነኩ በመሆናቸው ነው የተፈለጉት።

እዚህ ሲያትል በአማዞንና በማይክሮሶፍት የሚሠሩ ልጆች አሉን። እንዲህ ያለ የሥራ ማስታወቂያ ቢላክላቸው ድርጅቱ በእርግጥ መኖሩን፣ ድረ ገጹ መቼ እንደ ተከፈተ፣ ደብዳቤው ከየት እንደ መጣ ቡናቸውን ሳይጨርሱ ያጣራሉ። ከዚህም በላይ እንዴት እንደሚጣራ ለሌላው ማስተማር ይችላሉ። ኮንቴይነር ውስጥ የማይገባው ሀብታችን ይህ ነው።

ለእኛስ ልጆች ምን ጥቅም አለው? የሚል ወላጅ ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ፓወር ግዕዝ ባለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ጥንቆላ የሚመስል ነገር ይወጣ የነበረበትን ዘመን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት ውስጥ ገባ፤ ከዚህ ሐይቅ ማዶ ከሬድመንድ በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ ከተባለ የአማርኛ ፊደል ቅርጽ ጋር መጣ። ፊደሉ ኮምፒዩተሩ ውስጥ አለ፤ ብዙዎቹ ልጆቻችን ግን አያነቡትም። በላቲን ቁልፍ «ኤስ»ን ሲነኩ «ስ» ትመጣለች፤ «ኢ» ሲጨምሩ «ሰ» ትሆናለች፤ በ«ዩ» ደግሞ «ሱ»። ሀሁ በቃል መያዝ የሰለቸው ልጅ ይህን ጨዋታ ይወደዋል። ከአገር ቤት ወጣት ጋር በአማርኛ መጻጻፍ ከጀመረ ደግሞ አስተማሪው ያ ወጣት ነው።

ስለዚህ ክፍላችን ለጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለኮንቴይነር ጭነት ከሚሰበሰበው ገንዘብ ይልቅ ለአንድ ዓመት ያህል ለ20 የአገር ቤት ወጣቶች የኢንተርኔት ጥቅል የሚገዛበት ገንዘብ ይመደብልን፤ ከእኛም 20 ወጣቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ይገናኟቸው። ሲያትል ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ምሽት 12 ሰዓት ነው፤ እዚህ ክረምት ሲገባ ደግሞ ማታ 1 ሰዓት ይሆናል። ትምህርቱ ሁሉ በፍላሽ ተቀድቶ እንዲቀመጥም እንፈልጋለን። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። በ2020 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር፤ ትግራይ ውስጥ ከዚያው ዓመት ኅዳር ጀምሮ ስልኩም ጭምር ተቋርጦ፣ አማራ ክልል ውስጥም ከ2023 ነሐሴ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ፣ የእናታችንን ድምፅ ለመስማት ስንጠብቅ የከረምን እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለን። መስመር ሲቋረጥ ትምህርቱ አብሮ እንዳይቋረጥ ነው።

ሥራ ያላችሁ ወጣቶች ቅዳሜ እንቅልፍ እንደሚያምራችሁ እናውቃለን። የምንጠይቃችሁ በሳምንት አንድ ሰዓት ነው። መዝገቡ ከቡናው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ እስካሁን ዘጠኝ ስም ተጽፎበታል፤ ዐሥራ አንድ ይቀረናል።