ጄኔሬተሮችን ከመሬት ብልሽትና ከሻፍት ፍሰት ስለ መጠበቅ



በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል፣ በጉለሌ፣ መብራት ሲጠፋ ከየግቢው የተጠባባቂ ጄኔሬተሮች ድምፅ ይሰማል። አካባቢው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልና ከፓስተር ኢንስቲትዩት ዘመን አንሥቶ የጤና ምርምር ሲካሄድበት የኖረው ተቋም የሚገኙበት እንደ መሆኑ መጠን፣ ኤሌክትሪክ በዚያ ብርሃን ብቻ አይደለም፤ የቀዶ ሕክምና ክፍልና የመድኃኒት ማቀዝቀዣ ጭምር ነው። ስለዚህ ስለ ጄኔሬተር ጥበቃ የሚነገረው ነገር ስለ ብረትና ስለ መዳብ ብቻ ሳይሆን፣ በዚያች ሰዓት አልጋ ላይ ስለ ተኛው ሰውም ነው።

የጥበቃው መሠረተ ሐሳብ አጭር ነው። የኤሌክትሪክ ፍሰት ወደ ወጣበት ምንጭ መመለሱ አይቀርም፤ መሐንዲሱ መንገድ ካላበጀለት ራሱ ይፈልጋል። ያ መንገድ የሰው አካል፣ የስታተሩ ብረት ወይም ኩሺኔታው ሊሆን ይችላል።

የመሬት ብልሽት የሚባለው የጥቅሉ ሽቦ መሸፈኛ በሙቀት፣ በእርጥበት ወይም በእርጅና ተበልቶ ፍሰቱ ወደ ማሽኑ አካል ሲያመልጥ ነው። በ380 ቮልት ተጠባባቂ ጄኔሬተር ኒውትራሉ እንደ ልማዱ በቀጥታ ከመሬት ጋር ይያያዛል፤ ይኸውም ያመለጠው ፍሰት በመዳቡ መስመር በብዛት ተመልሶ ማቋረጫውን ወዲያው እንዲከፍት ነው። መስመሩ ከላላ ወይም ከዛገ ግን ፍሰቱ ያንሳል፤ ማቋረጫውም ሳይከፍት ይቀራል። የማሽኑ አካል ቮልቴጅ እንደ ተሸከመ የሚነካውን ሰው ይጠብቃል።

ጉለሌ በዚህ ረገድ የራሱ ፈተና አለው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍታ የሚበልጥ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ እንዲሠራ የታቀደ ማሽን በዚያ ሙሉ ጭነት ቢሸከም በሚገባ ስለማይቀዘቅዝ የሽቦው መሸፈኛ ያለ ዕድሜው ያረጃል። የእንጦጦ ተዳፋትም ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ዐለት ነው፤ በላዩ ያለው አፈር በበጋ ሲደርቅ የተቀበረው የመሬት ዘንግ ለፍሰት የሚያሳየው ተቃውሞ ይጨምራል። በነሐሴ ጭቃ ተለክቶ የተመዘገበ ቁጥር ለጥር ወር ዋስትና አይሆንም።

መስመር የሚቀይረው ስዊችም ሊዘነጋ አይገባም። ስዊቹ ሦስቱን ፌዞች ብቻ ለውጦ ኒውትራሉን ሳይለይ ሲቀር፣ ኒውትራሉም በከተማው መስመርና በጄኔሬተሩ በኩል በሁለት ቦታ ከመሬት ጋር ተያይዞ ሲገኝ፣ የብልሽቱ ፍሰት በሁለት መንገድ ይከፈላል። ከፊሉን ብቻ የሚያየው ሪሌም ይታለላል።

በኃይል ማመንጫ ጣቢያዎች ዘንድ ግን አሠራሩ ይለያል። በ1952 ዓ.ም. ከተመረቀው ከቆቃ እስከ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከ ተመረቀው እስከ ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ድረስ የማሽኖች መጠን እጅግ አድጓል። በትልቅ ማሽን ኒውትራሉ በቀጥታ ከመሬት ጋር ቢያያዝ በሺህ የሚቆጠር አምፔር ፈስሶ የስታተሩን ብረት ያቀልጣል። ሽቦ ይለወጣል፤ የቀለጠ ብረት ማደስ ግን እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ በመካከል ትራንስፎርመርና ሬዚስተር ገብቶ ፍሰቱ ብዙውን ጊዜ ወደ 10 አምፔር ገደማ ይወሰናል። የተለመደው የቮልቴጅ ሪሌ ከጥቅሉ ወደ 95 በመቶ ያህሉን ሲጠብቅ፣ ለኒውትራሉ የቀረበውን 5 በመቶ ግን አያይም፤ ለዚህም ሌላ ልዩ ሪሌ ይጨመራል።

ሁለተኛው ጠላት የሻፍት ፍሰት ነው። በስታተሩ ብረት መጋጠሚያዎች ወይም በአየር ክፍተቱ መዛባት የተነሣ መግነጢሳዊው መስክ እኩልነቱን ሲያጣ፣ በሻፍቱ ሁለት ጫፎች መካከል ቮልቴጅ ይፈጠራል። ቮልቴጁ ጥቂት ቢሆንም ሻፍቱን ከኩሺኔታው የሚለየው የዘይት ሽፋን እጅግ ስስ ስለ ሆነ ፍሰቱ ጥሶት ያልፋል። እያንዳንዱ ብልጭታ ለዓይን የማይታይ ጠባሳ ይተዋል፤ ውሎ አድሮ ኩሺኔታው በአሸዋ እንደ ተፈገፈገ ይሻክራል፤ ዘይቱ ይጠቁራል፤ ሙቀት ይወጣል፤ በመጨረሻም ማሽኑ ይቆማል።

መድኃኒቱ ከፊተኛው ተቃራኒ ነው። በዚያ መንገድ ይከፈታል፤ በዚህ ግን ይዘጋል። አንደኛው ኩሺኔታ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ነገር ከማሽኑ አካል ይለያል፤ ሻፍቱም በሌላው ጫፍ፣ በአንድ ቦታ ብቻ፣ በካርቦን ብሩሽ ከመሬት ጋር ይገናኛል። ይሁን እንጂ አንድ ሠራተኛ በቅንነት የገጠመው የብረት ዘይት ቧንቧ ወይም የሙቀት መለኪያ ያንን መለያ ተሻግሮ አካሉን ከነካ ጥበቃው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

በሁለቱም ዘንድ ትልቁ አደጋ የመሣሪያ እጦት ሳይሆን ማስጠንቀቂያን መናቅ ነው። ሪሌ ደጋግሞ ሲያቋርጥ ሽቦውን ነቅሎ መቀጠል የሚመረጥበት ጊዜ አለ፤ በተለይ ሕሙማን በሚጠብቁበት ቦታ ፈተናው ብርቱ ነው። ነገር ግን ማቋረጥ የማይቻልበት የቀዶ ሕክምና ክፍል የራሱ ሥርዓት አለው፤ ከመሬት በተለየ ትራንስፎርመር ኃይል ሲሰጠው የመጀመሪያው ብልሽት ደወል ያስደውላል እንጂ መብራት አያጠፋም። ጥበቃን ሳይነቅሉ ሕይወትን መጠበቅ ይቻላል ማለት ነው።

እንግዲህ የመሬቱን ተቃውሞ በበጋ መለካት፣ የሽቦውንና የኩሺኔታውን መለያ በየዓመቱ በሜገር መፈተሽ፣ ብሩሹን ማጽዳት፣ ውጤቱንም በመዝገብ ማስፈር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው። በጉለሌ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚነሣው በዚያች ደቂቃ በሚደረግለት ጥረት ሳይሆን፣ በበጋው ቀን በተደረገለት ጥንቃቄ ነው።