ቅልብልቦሽና ኬንዳማ

በወልድያና በቆቦ መካከል በምትገኘው በሮቢት፣ እንደ ሌላውም የኢትዮጵያ አገር ሁሉ፣ ልጃገረዶች ከጥላ ሥር ተቀምጠው የሚጫወቱት ቅልብልቦሽ፣ ከአምስት ድቡልቡል ጠጠር በቀር መሣሪያ የማይሻ የእጅና የዓይን ጥበብ ነው። ጠጠሮቹ ይበተናሉ፤ ተጫዋቿ አንዱን ወደ ላይ ወርውራ፣ እርሱ አየር ላይ ሳለ ሌላውን ካነሣች በኋላ፣ የሚወርደውን በዚያው እጇ ትቀልባለች፤ አንድ አንዱን ስትጨርስ ሁለት ሁለቱን፣ ቀጥላ ሦስቱንና አንዱን፣ በመጨረሻም አራቱን ባንድነት ታፍሳለች፤ የወረወረችው ካመለጣት ተራዋ ያልፋል።

በመወርወርና በመቅለብ ዘመዱ የጃፓኑ ኬንዳማ ነው። በ16ኛው ምዕተ ዓመት ንጉሠ ፈረንሳይ ሄንሪ ሣልሳዊ ይወደው ከነበረው ቢልቦኬ ከተባለው ጨዋታ ጋር የሚመሳሰለው ይህ መጫወቻ፣ ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ ያገኘው በሂሮሺማ አውራጃ በሃትሱካይቺ ከተማ ሲሆን፣ በ1919 እ.ኤ.አ. በመንግሥት መዝገብ ገብቷል። ሦስት ጽዋዎችና አንድ ሹል ጫፍ ያሉት እጀታ፣ በክር የታሰረችውን ባለ ቀዳዳ የእንጨት ኳስ ይቀበላል፤ ጨዋታውን የተካነ ሰው ኳሷን የሚያነሣት በክንዱ ብቻ ሳይሆን ጉልበቱን አጥፎ በመዘርጋት ነው። በእኛ ዘንድ ግን ቅልብልቦሽ ይበልጥ ይከብዳል፤ ጠጠሩን የሚይዝ ክር የለምና። በሃትሱካይቺ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኬንዳማ የዓለም ዋንጫ ይካሄዳል፤ ለቅልብልቦሽም በየትምህርት ቤቱ ውድድር እንዲሰናዳለት ከልብ እንመኛለን።