አጭር ቃልና የነጋዴ ስም

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የንግድ ክበብ አባሎች ያደረጉት ንግግር)





የመረጥነው ርእስ፣ አንድ ነጋዴ ትዊተር ይባል በነበረው፣ ዛሬ ግን ኤክስ ተብሎ በሚጠራው የአጭር መልእክት መገናኛ ሥራውን እንዴት ሊያስተዋውቅ ይችላል የሚል ነው። በንግግራችን ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ይህን ርእስ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ ትምህርት ቤት የሚወጣው ተማሪ ሁሉ በመሥሪያ ቤት ተቀጥሮ አይኖርም። ከመካከላችን ትንሽ ሱቅ፣ ዳቦ ቤት፣ የልብስ ስፌት ወይም የጥገና ሥራ ከፍቶ እንጀራውን የሚበላ ብዙ ይሆናል። እንዲህ ያለ ጀማሪ ነጋዴ ደግሞ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስታወቂያ የሚያስነግርበት ገንዘብ የለውም። ዕቃው መልካም ሆኖ ሳለ፣ የሚያውቀው ሰው በመጥፋቱ ብቻ ሱቁን የሚዘጋ ስንት አለ! ስለዚህ ያለ ብዙ ወጪ ድምፅን ለማሰማት የሚያስችል መሣሪያ ሲገኝ፣ ጥቅሙንም ጉዳቱንም መርምሮ ማወቅ ይገባል።

በቀድሞው ዘመን የመንግሥት ቃል ለሕዝብ ይደርስ የነበረው ነጋሪት እየተጐሰመ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ነበር። የሰማው ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ለጎረቤቱ ይነግራል፤ ጎረቤቱም ለሌላው ያደርሳል። የትዊተርም አሠራር ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ ነጋሪቱን ማንም ሰው ሊጐስመው መቻሉና ገበያው ዓለም መሆኑ ነው።

ይህ መገናኛ በ2006 በአሜሪካ አገር በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ተመሠረተ። መሥራቾቹም ጃክ ዶርሲ፣ ኖዋ ግላስ፣ ቢዝ ስቶንና ኤቫን ዊልያምስ ይባላሉ። በመጀመሪያ አንድ መልእክት ከ140 ፊደል እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ምክንያቱም በእጅ ስልክ የሚላከው አጭር መልእክት የሚይዘው 160 ፊደል ስለ ነበር፣ 20ው ለላኪው ስም ተለይቶ የቀረው ለቃሉ ስለ ተተወ ነው። በኖቬምበር 2017 ልኩ ወደ 280 ከፍ አለ። በኦክቶበር 2022 ኢሎን መስክ በ44 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ በጁላይ 2023ም ስሙን ለውጦ ኤክስ አለው።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ፊደል አንድ ነገር እንጨምር። መገናኛው እያንዳንዱን የላቲን ፊደል እንደ አንድ ሲቈጥር፣ እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል ግን እንደ ሁለት ይቈጥራል። ስለሆነም በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ለረጅም ጽሑፍ ገንዘብ ካልከፈለ በቀር፣ ያለው ቦታ ወደ 140 ፊደል ገደማ ነው። ይህ ግን ሊያሳዝነን አይገባም። አንዱ ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ በ140 ፊደል ብዙ ቁም ነገር ይነገራል።

አሠራሩንም በአጭሩ እንግለጽ። አንድ ሰው የአንድን ነጋዴ ጽሑፍ ለማየት ሲፈልግ ተከታዩ ይሆናል። ያነበበውን ቢወደው ለራሱ ተከታዮች ያስተላልፈዋል፤ እንዲህ እየሆነ ቃሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። በኦገስት 2007 ደግሞ ክሪስ መሲና የተባለ ሰው፣ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጻፈው ሁሉ በአንድነት እንዲገኝ ከቃሉ በፊት ምልክት ይደረግበት ሲል ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ ሃሽታግ የሚባለው ይኸው ነው። ከኤፕሪል 2010 ጀምሮም በገንዘብ የሚገዛ ማስታወቂያ በመገናኛው ላይ መውጣት ጀመረ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለነጋዴ ምን ይጠቅመዋል? መልሱን በምሳሌ ማሳየት ይሻላል።

በ2008 ማለቂያ ላይ፣ በአሜሪካ የገንዘብ ችግር በጸናበት ወራት፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ ኮጊ የሚባል የምግብ መኪና ሥራ ጀመረ። ወጥ ቤቱ ሮይ ቾይ በትውልዱ የኮርያ ሰው ሲሆን፣ በኮርያ ልማድ የተጠበሰ ሥጋ የሜክሲኮ ሰዎች ታኮ በሚሉት ቂጣ ጠቅልሎ ያቀርብ ነበር። ምግቡ መልካም ነበር። ነገር ግን መኪናው በአንድ ቦታ ስለማይቆም፣ የወደደው ሰው እንኳ በማግሥቱ ወዴት ሄዶ እንደሚያገኘው አያውቅም። ምግብ ቤት አድራሻ ከሌለው እንዴት ደንበኛ ሊኖረው ይችላል?

የኮጊ ሰዎች ይህን ችግር በትዊተር ፈቱት። ዛሬ ማታ በዚህ መንገድ፣ በዚህ ሰዓት እንቆማለን ብለው ይጽፋሉ፤ ቦታው ሲለወጥም ወዲያው ያስታውቃሉ። ሕዝቡም ስልኩን እያየ ይከተላቸው ጀመር፤ መኪናው በሚቆምበት ሁሉ ረጅም ሰልፍ ይታይ ነበር። ከአንድ መኪና ተነሥተው ብዙ መኪናዎች አቆሙ፤ ሮይ ቾይም በ2010 ፉድ ኤንድ ዋይን የተባለው መጽሔት ከመረጣቸው ምርጥ አዲስ ወጥ ቤቶች አንዱ ሆነ።

እንግዲህ ልብ እንበል። የኮጊ ሰዎች በመልእክታቸው የነገሩት ሰዓትንና ቦታን ነው። ሰውም ስልኩን አምኖ በሌሊት ሲመጣ መኪናውን በተባለው ቦታ ቆሞ አገኘው፤ በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። አንድ ሌሊት እንኳ ሕዝቡን አሰልፈው በቀሩ ኖሮ፣ ያ ትንሽ ጽሑፍ ጠላት ባፈራባቸው ነበር። በእኛ አስተያየት የዚህ መገናኛ ምሥጢር ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገኛል። ነጋዴው በአደባባይ ቃል ይሰጣል፤ ቃሉን ሲጠብቅም ሁሉ ያየዋል፤ ሲያፈርስም ሁሉ ያየዋል።

ትልልቅ ኩባንያዎችም ከዚህ ተጠቅመዋል። ዴል የተባለው የኮምፒዩተር ኩባንያ፣ ተመልሰው የታደሱና በርካሽ የሚሸጡ ኮምፒዩተሮቹን ለተከታዮቹ በትዊተር ያስታውቅ ነበር። በ2009 አጋማሽ ላይ ከ2007 ጀምሮ በዚህ መንገድ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሸጡን ገለጸ። ገዢዎቹ ይከታተሉት የነበረው በየጊዜው እውነተኛ የዋጋ ቅናሽ ስላገኙበት ነው። ጥቅም የሌለበትን ወሬ በየቀኑ ለመስማት የሚሻ ሰው የለም።

ጥቅሙን ከተናገርን ጉዳቱንም መደበቅ አይገባንም። አባቶቻችን «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ይላሉ። ይህ ተረት ለዚህ መገናኛ የተነገረ ይመስላል።

የመጀመሪያው ጉዳት ችኮላ ነው። በሴፕቴምበር 2014 በአሜሪካ ብዙ ሴቶች ከሚደበድቧቸው ባሎች ጋር ለምን እንደ ኖሩ በአንድ ሃሽታግ ሥር ሐዘናቸውን ይገልጹ ነበር። ዲጆርኖ የተባለው የፒሳ አምራች የጉዳዩን ምንነት ሳያጣራ፣ በዚያው ምልክት ስለ ፒሳው ቀልድ ጻፈ። ሕዝቡም እጅግ ተቈጣ። ኩባንያው ጽሑፉን ወዲያው አጠፋ፤ ይቅርታም ጠየቀ፤ ለተቈጡትም ለየራሳቸው መልስ ሰጠ። ይቅርታው መልካም ነበር፤ ሆኖም ሰዎች ስለ ምን እንደሚነጋገሩ አንብቦ ለመረዳት ጥቂት ደቂቃ ይበቃው ነበር።

ሁለተኛው፣ የደንበኛ አቤቱታ በአደባባይ መሆኑ ነው። በሴፕቴምበር 2013 የአባቱ ሻንጣ የጠፋበት አንድ ሰው፣ በብሪቲሽ አየር መንገድ ላይ ያለውን ቅሬታ በራሱ ገንዘብ ማስታወቂያ ገዝቶ በትዊተር አስነገረ። አየር መንገዱ መልስ የሰጠው ከብዙ ሰዓት በኋላ ሲሆን፣ የዘገየውም የትዊተር ክፍሉ የሚሠራው ከጥዋቱ 3 እስከ ማታው 11 ሰዓት ብቻ ስለ ሆነ መሆኑን ገለጸ። በዚህ መካከል ግን ወሬው በዓለም ተሰማ። ነጋሪት የያዘ ነጋዴ የመስሚያ ጆሮም ሊኖረው ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ማታለል ነው። በኖቬምበር 2022 መገናኛው ሰማያዊውን የማረጋገጫ ምልክት በ8 ዶላር መሸጥ በጀመረ ጊዜ፣ አንድ ያልታወቀ ሰው የኢላይ ሊሊን የመድኃኒት ኩባንያ ስም ይዞ ኢንሱሊን በነጻ ይሰጣል ብሎ ጻፈ። እውነተኛው ኩባንያ ቃሉ የእርሱ አለመሆኑን ለሕዝብ ለማስታወቅ ተገደደ። ስለዚህ ነጋዴ እውነተኛ የመልእክት ስሙን በሱቁ በር ላይ፣ በደረሰኙም ላይ ጽፎ ለደንበኞቹ ማሳወቅ አለበት።

የሚያታልል ነጋዴም አይጠፋም። ተከታይ የሌለው ሰው ብዙ ተከታይ ያለው መስሎ ለመታየት የሐሰት ተከታይ ይገዛል። በአሜሪካ ዴቩሚ የተባለው ድርጅት ይህን ሐሰት እየሸጠ ይኖር ነበር፤ በ2019 የአገሩ መንግሥት የንግድ ኮሚሽን ከሶት፣ ነገሩ በ2.5 ሚሊዮን ዶላር የፍርድ ስምምነት አለቀ። የሐሰት ተከታይ ዳቦ አይገዛም፤ ልብስም አያሰፋም። የሚቀረው ኀፍረቱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አንዳንድ ሰዎች «በአገራችን የሚገዛና የሚሸጥ ሰው የሚገናኘው በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ነው፤ ኤክስ ለፖለቲካ ክርክር እንጂ ለንግድ ምን ይረባል?» ይሉናል። ይህ አባባል እውነትነት አለው። የሰፈሩን ሰው ብቻ የሚያስተናግድ ዳቦ ጋጋሪ ደንበኞቹ ባሉበት መገናኛ ቢጽፍ ይሻለዋል። ነገር ግን ቡና ወደ ውጭ አገር የሚልክ ሰው፣ ጎብኚዎችን ወደ ላሊበላና ወደ ሰሜን ተራሮች የሚያደርስ አስጐብኚ፣ ወይም ለውጭ አገር ድርጅት በኮምፒዩተር ሥራ የሚሠራ ወጣት፣ ገዢው በሩቅ አገር ነው። ከቡና ቆይዎች፣ ከጋዜጠኞችና ከተጓዦች ብዙዎቹ በዚህ መገናኛ ይጽፋሉ። ስለዚህ ነጋዴ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ገዢዬ የት ነው?» የሚለውን ነው።

ከዚህም በላይ መገናኛው የሰው ቤት መሆኑን መርሳት የለብንም። ባለቤቱ ሲለወጥ ስሙም ሕጉም እንደ ተለወጠ አይተናል። በአገራችንም ከፌብሩዋሪ እስከ ጁላይ 2023 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው በነበረ ጊዜ፣ ገበያቸውን ሁሉ በእነዚህ ላይ ለጣሉ ነጋዴዎች ደንበኛን ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ብልህ ነጋዴ የደንበኞቹን ስልክ በፈቃዳቸው በመዝገብ ይይዛል፤ ሱቁንም በንጽሕና ይጠብቃል። በአንድ ምሰሶ የቆመ ጎጆ ምሰሶው ሲነሣ ይወድቃልና።

ለሚጀምሩ ጓደኞቻችን አንድ ምሳሌ ሰጥተን እናብቃ። አንዱ ዳቦ ጋጋሪ «በዓለም ወደር የማይገኝለት፣ ቀምሳችሁ የማትጠግቡት ዳቦ እኛ ዘንድ ብቻ!» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢው ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። ሌላው ግን እንዲህ ይጽፋል፦ «ነገ ቅዳሜ ከጥዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ትኩስ ድፎ ዳቦ አለን። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ነን። አንዱ 300 ብር፤ የምንጋግረው 30 ብቻ ነው። ሲያልቅ እናስታውቃለን።» ይህ ከ140 ፊደል ያንሳል። ምን እንደሚሸጥ፣ የት፣ መቼ፣ በስንት እንደሚሸጥ ይናገራል። ከሁሉም በላይ ግን ሊጠበቅ የሚችል ቃል ነው። ጋጋሪው በ2 ሰዓት በቦታው ተገኝቶ በ300 ብር ከሸጠ፣ በሚመጣው ቅዳሜ የሚጽፈውን ሰው ሁሉ ያምነዋል። በ3 ሰዓት መጥቶ በ350 ብር ከሸጠ ግን፣ ያንኑ መገናኛ ይዞ የሚያጋልጠው ገዢ አያጣም።

ውድ ጓደኞቻችን ሆይ! «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። አያቶቻችን በገበያ መካከል ያለ ጽሑፍና ያለ ፊርማ፣ በቃላቸው ብቻ እህልና ከብት በዱቤ ይሰጣጡ ነበር፤ ቃሉን ያፈረሰ ሰው በሚቀጥለው ገበያ አበዳሪ አያገኝም። ዛሬ ገበያው ሰፍቷል፤ ቃሉም አጥሯል። ሕጉ ግን ያው ነው። ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን በንግድ የምንሰማራ ሁሉ፣ ከመጻፋችን በፊት «ይህን እፈጽመዋለሁን?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ፤ ከጻፍን በኋላም እንፈጽመው።

ትምህርት ቤታችን ቃሉን የሚጠብቅ ነጋዴና ሠራተኛ ሲያፈራ እንዲኖር እንመኛለን።