ቀለም የአገባብ ረዳት እንጂ ዳኛ አይደለም



የኢትዮጵያ የብራና ጸሐፊዎች ጥቁሩን ቀለም ለንባቡ፥ ቀዩን ደግሞ ለአርእስትና ለቅዱሳን ስሞች ለይተው የኖሩት ለጌጥ ብቻ አልነበረም። የአንባቢው ዐይን የክፍሉን መነሻና የስሙን ክብር በአንድ እይታ እንዲለይ ጭምር ነበር። የፕሮግራም ጸሐፊም ከተርሚናል ፊት ሲቀመጥ የሚሻው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ቁልፍ ቃሉ፥ በጥቅስ የታሰረው ጽሑፍና ማስታወሻው በየቀለማቸው ተለይተው እንዲታዩት ነው።

ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1976 በበርክሌይ የጀመረው ቪአይ የተባለው ኤዲተር ይህን አያውቅም ነበር። ብራም ሞሌናር በ1991 ለሕዝብ ያወጣው ቪም ግን በ1998 በወጣው 5.0 እትሙ የአገባብ ቀለምን አስገባ።

ቀለሙን ለማብራት ሁለት ቃላት ይበቃሉ። በቪም ውስጥ የሁለት ነጥብ ምልክት ተመትቶ «ሲንታክስ ኦን» ተብሎ ይታዘዛል፤ ትእዛዙ ዘወትር እንዲጸና ከተፈለገም በተጠቃሚው ማኅደር ባለው፥ ስሙ በነጥብ በሚጀምረው የ«ቪምአርሲ» ፋይል ውስጥ ይጻፋል። ኤዲተሩ ትእዛዙን አላውቅም ካለ፥ የተጫነው ምናልባት በደቢያንና በኡቡንቱ የሚገኘው ቪም ታይኒ የተባለው አነስተኛ ቅጂ ነውና ሙሉው ቪም ይጫን። ትእዛዙን ተቀብሎ ቀለም ካላሳየ ደግሞ «ተርም» በተባለው ተለዋዋጭ ውስጥ ያለው የተርሚናሉ ስም ይመርመር፤ ኤዲተሩ የተርሚናሉን የቀለም ችሎታ የሚያውቀው በዋነኛነት ከዚያ ነው።

ይሁን እንጂ የቀለሙ ምንጭ ሊዘነጋ አይገባም። ኤዲተሩ የፕሮግራሙን ሐሳብ አይረዳም፤ ከፋይሉ ስም ወይም ከመጀመሪያው መስመር ቋንቋውን ገምቶ፥ ለቋንቋው የተደነገጉትን የቃላት ቅርጾች ከጽሑፉ ጋር ያስተያያል እንጂ። ስለሆነም በሼል ፋይል ውስጥ ያልተዘጋ የጥቅስ ምልክት ከበታቹ ያሉትን መስመሮች በአንድ ቀለም ሲያጥለቀልቃቸው ስሕተቱ ወዲያው ይጋለጣል፤ የተሳሳተ ስሌት ግን እንደ ትክክለኛው አምሮ ይታያል። ከዚህም በላይ ቪም በረጅም ፋይል መካከል ለፍጥነት ሲል ከላይ ያሉትን ጥቂት መስመሮች ብቻ ሊመረምር ስለሚችል፥ ቀለሙ ራሱ የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ «ሲንታክስ ሲንክ ፍሮምስታርት» የሚለው ትእዛዝ ምርመራውን ከፋይሉ መጀመሪያ ያስጀምረዋል።

ጉዳዩ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን የመሥሪያ ቤትን ሰርቨር ከሩቅ ሆኖ በተርሚናል የሚጠብቅ ባለሙያ በሌሊት አንዲት የጥቅስ ምልክት ቢያጎድል፥ አገልግሎቱ እንደገና ሲነሣ ሊቆም ይችላል፤ ከሩቅ አገር የመጣውም ባለጉዳይ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት ይመለሳል። ስለዚህ ባለሙያው ቀለሙን ያብራ፤ ዳኝነቱን ግን ለመርማሪው ይተው። «ባሽ» የተባለው ሼል ከሰረዝና ከ«ኤን» ፊደል ጋር ሲጠራ ፋይሉን ሳያስኬድ አገባቡን ይመረምራል።

በመጨረሻም አንድ ልዩነት ይታወስ። የብራናው ቀይ ቀለም ከብራናው ጋር ይኖራል፤ የኤዲተሩ ቀለም ግን በስክሪኑ ላይ እንጂ በፋይሉ ውስጥ አይጻፍም። ያንኑ ፋይል ነገ የሚከፍተው ባልደረባ ቀለም የሌለው ተርሚናል ሊገጥመው ወይም ቀይና አረንጓዴን መለየት ሊሳነው ይችላል። ለእርሱ የሚተርፈው ግልጽ ስያሜ፥ የተስተካከለ መስመርና በቅንነት የተጻፈ ማስታወሻ ነው።