ዲሹ ወዴት ነው የሚያየው?



የመገናኛ ምህንድስና ምሩቃን ናችሁና ከሙያችሁ ታሪክ አንዱን ላንሳ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1945 አርተር ክላርክ የተባለ የ27 ዓመት እንግሊዛዊ የአየር ኃይል ራዳር ባለሙያ፣ «ዋየርለስ ወርልድ» በተባለ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚዞር ነገር ከምድር እሽክርክሪት ጋር እኩል ስለሚሄድ፣ ከታች ለሚያየው ሰው ባለበት የቆመ ይመስላል፤ እንዲህ ያሉ ሦስት ጣቢያዎች ቢኖሩ ዓለምን ከሞላ ጎደል ማዳረስ ይቻላል አለ። ያኔ የሰው ልጅ አንዲት ብሎን እንኳ ምድርን እንድትዞር አድርጎ አልላከም ነበር። ስፑትኒክ የመጣችው ከ12 ዓመት በኋላ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን ክላርክ ያልገመተው ነገር ነው። ጣቢያዎቹ ውስጥ ሰዎች ይኖራሉ፣ ስንቃቸውም በሮኬት ይመላለሳል ብሎ ነበር። የዘመኑ ሬዲዮ በቫክዩም ቱቦ የሚሠራ ነበርና ቱቦው ሲቃጠል የሚቀይር ሰው ያሻው ነበር። የቱቦውን ቦታ የያዘው ትራንዚስተር የተፈለሰፈው በ1947 መጨረሻ ነው። ሮኬቱንና ምህዋሩን አስቀድሞ ያየ ሰው፣ ደጅ የደረሰችውን ትንሿን ዕቃ አላያትም።

ሐሳቡን ከወረቀት ያወጡት በአሜሪካው የሂዩዝ ኩባንያ ሃሮልድ ሮዘንና ባልደረቦቹ ናቸው። የመጀመሪያዋ ሳተላይታቸው ሲንኮም 1 በፌብሩዋሪ 1963 ምህዋር ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ጠፋ። እነሱ ግን ከአምስት ወር ገደማ በኋላ ሲንኮም 2ን አመጠቁ። ኦገስት 23 ቀን ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ከዋሽንግተን ደወሉ፤ ስልኩን ያነሱት ሌጎስ ወደብ ላይ በቆመች አንቴና የጫነች መርከብ ውስጥ የነበሩት የናይጄሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር አቡበከር ታፋዋ ባሌዋ ናቸው። ባሌዋ ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ እዚሁ አዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት ከተገኙት መሪዎች አንዱ ነበሩ። በዚያ ዘመን ከአንዱ የአፍሪካ አገር ወደ ጎረቤቱ ለመደወል ብዙ ጊዜ በለንደን ወይም በፓሪስ መዞር ግድ ነበር። በእንዲህ ያለ ሳተላይት መሪዎች የተነጋገሩበት የመጀመሪያው ስልክ አፍሪካ ላይ ማረፉን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። በዓመቱ ደግሞ አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት የቶኪዮ ኦሊምፒክ መክፈቻ በሲንኮም 3 አማካይነት ፓስፊክን ተሻግሮ አሜሪካ ታየ።

አሁን የከተማችንን ጣራዎች ተመልከቱ። አንድ ወጣት ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ ዲሹን ቀስ እያለ ያዞራል፤ «መጣ?» ይላል፤ ከሳሎን «አልመጣም!» ይሉታል፤ ትንሽ ሲያዛንፈው «መጣ፣ መጣ! እንዳትነካው!» የያዘው ነገር በሴኮንድ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ባለበት የቆመ የሚመስል ሳተላይት ነው። ለአንድ የስርጭት መስመር ያለውም ኃይል የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ውሃ ከሚያፈላበት እጅግ ያነሰ ነው። ያ ደካማ ሞገድ ሰፊ የምድር ክፍል አልብሶ፣ የሰፈራችን ጣራ ላይ ምስል ይሆናል።

አሠራሩን ካወቁት መደነቅ ይቀራል የሚሉ አሉ። አልስማማም። ድሮ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር ስንነጋገር ቃላችን ይጋጭ ነበር፤ እኛ ስንጀምር እሱም ይጀምራል፣ ሁለታችንም ዝም እንላለን፣ ከዚያ «ሀሎ፣ ሀሎ»። መስመሩ ተበላሸ ብለን እንበሳጭ ነበር። ድምፃችን ወደ ሳተላይቱ ወጥቶ ሲወርድ 72 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በብርሃን ፍጥነት ሩብ ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ያቺ ዝምታ ለእኔ ብልሽት መሆኗ ቀረ፤ የሰማዩን ርቀት በጆሮዬ የሰማሁባት ናት። ስሌቱን ባላውቅ ኖሮ ብስጭቱ ብቻ ይቀርልኝ ነበር።

እናንተ ስሌቱን ታውቃላችሁ። ሥራ ስትጀምሩ ጥገናው፣ ሪፖርቱና የመስክ ጉዞው ይበዛባችኋል። በዚያ መካከል አገልግሎቱ ያልደረሰበትን ቀበሌ ስታዩ፣ ክላርክ እንዳደረገው ቁጥሩን ወረቀት ላይ አስቀምጡት፤ ሊሆን አይችልም የሚላችሁ ሰው ቢኖርም አሳዩት። ወላጆች ደግሞ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ልጆቻችሁን ዲሻችን ለምን ወደዚያ እንደሚያይ ጠይቋቸው። ለመልሱ ጊዜ ስጧቸው፤ ብዙ የሚነግሯችሁ አላቸው።

እንኳን ደስ አላችሁ።